የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ለማን፣ የት እና መቼ ይባላል?

መነሻ ጽሑፍ

በአራት ኪሎ አካባቢ ከሥራ ሰዓት በኋላ ለሚመጡ ጎልማሶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የባንክ ሠራተኞች፣ ጸሐፊዎች፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባዮችና በየመሥሪያ ቤቱ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሚጻጻፉ ባለሙያዎች ናቸው። አብዛኞቹ በስልካቸው አንድ ዓይነት ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ፤ በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ፈሊጥ፣ በቀኝ በኩል የአማርኛ ፍቺው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ዝርዝሩ በቴሌግራም ይተላለፋል፣ በፎቶ ኮፒ ቤቶችም ተጠርዞ ይሸጣል። እኔ እንዲህ ያለው ዝርዝር ከሚያስተምረው የሚያሳስተው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም አንድ ማስረጃ ላቅርብ።

ከተማሪዎቼ አንዱ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት በውጭ አገር ካለ አጋር ድርጅት ጋር ይጻጻፋል። የዚያ ድርጅት መሥራች ማረፋቸው በተሰማ ጊዜ የሐዘን መግለጫውን እንዲያረቅ ለእሱ ተሰጠው። «ኪክ ዘ በኬት» (ቃል በቃል ባልዲውን መርገጥ) ማለት መሞት ነው የሚለውን ከዝርዝሩ አግኝቶ፣ ቋንቋው ያማረ ይሆናል በሚል ቅን ሐሳብ ደብዳቤውን በዚሁ ፈሊጥ ጀመረው። ፍቺው ትክክል ነው። ነገር ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን አባባል የሚያወጣው ሲቀልድ፣ ግድ ሳይሰጠው ሲናገር ወይም ስለማያዝንለት ሰው ሲያወራ ነው፤ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ፈጽሞ አይጻፍም። እኛም ይህን ልዩነት በራሳችን ቋንቋ ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። አረፉ፣ ሞቱ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ እና ክልትው አሉ የሚሉት ሁሉ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ሆኖም ለቅሶ ቤት ገብቶ አባትዎ ክልትው አሉ አይደል የሚል ጤነኛ ሰው የለም። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ፈሊጥን ከነቦታው፣ ከነጊዜውና ከነተናጋሪው ማስተማር የሚቻለው እንዴት ነው?

በዚህ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ለጥያቄዬ የተሰጡት ምላሾች ስለበዙ፣ ዘግይተው ለሚመጡ አንባቢዎች ይጠቅም ዘንድ በተራ ቁጥራቸው እየጠቀስሁ በራሴ አነጋገር እዚህ አስፍሬያቸዋለሁ። አስተያየት ያለኝ ላይም ዝም አላልሁም።

ምላሽ 1

በጊዮርጊስ አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው በትሕትና የጀመሩት። በሐሳቡ እንደሚስማሙ ገልጸው፣ ለማን ይባላል ከሚለው በፊት የማን ነው የሚለው ጥያቄ መቅደም እንዳለበት ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ ሲገቡ እሳቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ፤ ከእነዚያ ወጣት አሜሪካውያን ከሰሟቸው ፈሊጦች ብዙዎቹ ከቤዝቦል ጨዋታ የተወሰዱ ነበሩ። ግምታዊ አኃዝ «ቦልፓርክ ፊገር» ይባላል፣ ሙከራው የከሸፈበት ሰው «ስትራክ አውት» ይባልለታል፣ ኃላፊነት ለመሸከም ወደፊት የወጣ ደግሞ «ስቴፕት አፕ ቱ ዘ ፕሌት» ይባላል። ከክፍሉ ተማሪዎች መካከል ግን ጨዋታውን በዓይኑ ያየ አንድም አልነበረምና ሁሉንም በቃላቸው ያዙት። ከሕንዳዊ መምህራቸው የተማሩት ደግሞ ሌላ ነበር፤ አስቸጋሪ ሁኔታ ውስጥ መግባት ለእሳቸው «ስቲኪ ዊኬት» ነበር፣ ይህም ዝናብ ካራሰው የክሪኬት ሜዳ የመጣ አባባል ነው። የአሜሪካውን ለእንግሊዛዊ፣ የእንግሊዙን ለአሜሪካዊ መናገር ነውር ባይሆንም አድማጩን ሊያደናግር ስለሚችል፣ ተማሪ በደብተሩ ከእያንዳንዱ ፈሊጥ አጠገብ አገሩንም ይጻፍ ሲሉ መከሩ። ምክራቸውን ወዲያውኑ በክፍሌ ሥራ ላይ አውዬዋለሁ።

ምላሽ 2 እና 3

አንድ አንባቢ ባልዲው ከሞት ጋር ምን አገናኘው ብሎ በአጭሩ ጠየቀ። መልሱን የሰጡት በትርጉም ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። አባባሉ ፍራንሲስ ግሮዝ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የተራው ሕዝብ አነጋገር መዝገበ ቃላት ውስጥ መሞት ከሚል ፍቺ ጋር መመዝገቡን ጠቀሱ። ስለ አመጣጡ ሁለት ነገር ይነገራል፤ አንደኛው ራሱን የሚሰቅል ሰው የቆመበትን ባልዲ ገፍትሮ ይጥላል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአንዳንድ የእንግሊዝ አካባቢዎች የታረደ አሳማ ቁልቁል የሚሰቀልበት አግዳሚ እንጨት በዚሁ በባልዲ ስም ይጠራ ስለነበር፣ እንስሳው ነፍሱ ሲወጣ ሲንፈራገጥ እንጨቱን ይመታል የሚል ነው፤ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ይበልጥ የሚያዘነብሉትም ወደዚህኛው ነው። እኔን ከሁሉ የጠቀመኝ ግን መዝገበ ቃላቱ ራሱ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንኳ ፈሊጡ የተመዘገበው ጨዋ ሰው በአደባባይ ከማይናገራቸው ቃላት መካከል ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ማዕረጉ ከፍ አላለም።

ምላሽ 4፣ 5 እና 6

እዚህ ላይ የክሩ፣ ማለትም የዚህ ተከታታይ ውይይት፣ ድምፅ ተለወጠ። ምላሽ 4 ሁላችንም በስልካችን ደጋግመን ያነበብነውን ታሪክ አመጣ፤ ኃይለኛ ዝናብን ድመትና ውሻ ዘነበ የሚያሰኘው በጥንት ዘመን ድመቶችና ውሾች በሳር ክዳን ላይ ይተኙ ስለነበር፣ ዝናቡ ሲያሙለጨልጫቸው ከጣሪያ ይወድቁ ስለነበር ነው የሚል።

ምላሽ 5 የመጣው በሰሜን ሸዋ ሳር ክዳን ቤት ውስጥ ተወልደው ካደጉና አሁን በፒያሳ ከሚሠሩ ሰው ሲሆን ቁጣ ነበረበት። ውሻ የሳር ክዳን ላይ ወጥቶ ሲተኛ ያየ ሰው ካለ ይመስክር አሉ፤ ድመትም ብትሆን ዝናብ ሲያካፋ መጀመሪያ ወደ ምድጃው ዳር ትሮጣለች እንጂ ክዳን ላይ አትጠብቅም። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ 1500ዎቹ የእንግሊዝ ኑሮ ተብሎ በኢሜይል ሲዞር ከነበረ ጽሑፍ የተወሰደ መሆኑን፣ ጽሑፉም ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈጠራ የሞላበት መሆኑን ገለጹ። አባባሉ በታወቀው መልኩ በጆናታን ስዊፍት ጽሑፍ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1738 እንደሚገኝ ጨምረው፣ ሳያጣሩ መለጠፍ ሌላውን መናቅ ነው ሲሉ ዘጉ።

ምላሽ 6 የአራተኛው ጸሐፊ መልስ ነበር። ታሪኩ እውነት ሆነም አልሆነ ተማሪ ፈሊጡን እንዲያስታውስ ከረዳው ምን ጉዳት አለው ሲል ጠየቀ፤ በግል መሰደቡም እንዳሳዘነው ገለጸ።

ምላሽ 7

ይህ የእኔ ነው። ለማስታወስ የሚረዳ ተረት ተረት መሆኑ እየተነገረ ቢቀርብ እንደማልቃወም፣ እውነት ተብሎ ሲቀርብ ግን ተማሪው ሌላ ቦታ ደግሞ እንደሚያስተላልፈው ጻፍሁ። ከአመጣጡ ይልቅ የሚያሳስበኝ አጠቃቀሙ መሆኑንም አከልሁ። «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» በዓለም ዙሪያ በየትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ከሚማሩት ፈሊጦች አንዱ ነው፤ ለዛሬው ወጣት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን የመማሪያ መጽሐፍ ሽታ ያለው፣ ያረጀ አባባል ነው። በሐምሌ ከሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ለመያዝ እየሮጠ የበሰበሰ ሰው ለእንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባው «ኢትስ ፖሪንግ» ቢለው ከአገሬው ሰው አነጋገር ጋር ይስማማል። እኛም ብንሆን ዶፍ ወረደ ብለን እናልፋለን፤ ለእያንዳንዱ ዝናብ ምሳሌ አንፈልግም።

ምላሽ 8 እና 9

በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በመድረክ ሥራ የሚታወቁ መሆናቸውን የገለጹ ሰው ስለ «ብሬክ ኤ ሌግ» ጻፉ። እግርህን ስበር የሚለው ይህ አባባል የመልካም ምኞት መግለጫ ነው፤ የሚባለውም ወደ መድረክ ለሚወጣ ተዋናይ ወይም ሙዚቀኛ ነው። የመድረክ ሰዎች መልካም ዕድል ብሎ በግልጽ መመኘት ገድ ያጠፋል ብለው ስለሚያምኑ በተቃራኒው ይናገራሉ። እኚህ ጸሐፊ ነገሩን ከእኛ ልማድ ጋር አዛመዱት፤ የአገራችን እናቶች ዓይን ይበላዋል ብለው ስለሚሰጉ ሕፃኑን እንዴት ያምራል ተብሎ እንዲወደስ አይወዱም፣ አንዳንዶቹም አወዳሹን እንትፍ እንትፍ በል ይሉታል። የፍርሃቱ ሥር አንድ ስለሆነ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ፈሊጥ ከብዙዎች ቀድሞ ሊረዳው ይችላል የሚለው አስተያየታቸው እጅግ ደስ አሰኝቶኛል።

ምላሽ 9 የአንድ የሩጫ ክለብ አባል ነው። በታላቁ ሩጫ ዋዜማ ከወዳጆቹ አንዱ ይህንኑ አባባል በማኅበራዊ ገጽ ላይ ለሯጮቹ ለጥፎ እንደነበርና አንድ እንግሊዛዊ ተሳታፊ በድንጋጤ እንዳየው አወሳ። ነገ ጠዋት በመስቀል አደባባይ ተሰልፎ 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ለተዘጋጀ ሰው እግር መስበር የእውነት ሥጋት ነው። እኔም እስማማለሁ፤ ለሯጭ «ጉድ ላክ» ይበቃዋል።

ምላሽ 10 እና 11

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ታጠፈ። አንድ የቀድሞ የዜና አርታኢ፣ የእንግሊዝኛውን ፈሊጥ በእንግሊዝኛ ከማሳሳት የባሰው ቃል በቃል ወደ አማርኛ ማስገባቱ ነው ሲሉ በምሬት ጻፉ። በየስብሰባውና በየመግለጫው በቀኑ መጨረሻ፣ ከሳጥን ውጭ ማሰብ፣ ራስህን በእኔ ጫማ ውስጥ አስገባ፣ ስሜት አይሰጥም የሚሉ አነጋገሮች መበርከታቸውን ዘርዝረው፣ አማርኛው ዞሮ ዞሮ፣ አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን፣ ትርጉም የለውም እያለ የቆየ መሆኑን አስታወሱ። በአንድ ማስታወቂያ ላይ በቀኑ መጨረሻ ውሳኔው የደንበኛው ነው ተብሎ ተጽፎ፣ ማመልከቻው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ መስሏቸው የተጣደፉ ባለጉዳዮች እንደነበሩም አጫወቱ።

ምላሽ 11 ጠንከር ብሎ መጣ። ቋንቋ ድንበር እንደሌለው፣ ዛሬ የሚያስቀይመን ነገ እንደሚለመድ፣ አርታኢውም ወጣቱን በቋንቋ ሰበብ የሚገስጹ መሆናቸውን የሚከስስ ጽሑፍ ነበር። ክሱ ተገቢ አልነበረም፤ መነሻው ግን ሊናቅ አይገባም። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የሚለውን ዛሬ የሚያነሳ ሰው የባዕድ ነገር ተናገረ ተብሎ አይነቀፍም። ሆኖም ይህ አባባል በአማርኛ ብቻውን ሲሰማ ምስሉ ይገባል፤ በቀኑ መጨረሻ የሚለው ግን እንግሊዝኛውን ለማያውቅ ሰው ሰዓት ብቻ ነው የሚነግረው። መለያው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ምላሽ 12

በአብነት ትምህርት ያለፉና አሁን በአራት ኪሎ አቅራቢያ የሚኖሩ አንድ ሰው፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚገኝ አባባል ሁሉ ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት መሆኑን በእርጋታ አስረዱ። የሚወዱትን ሰው እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ፤ ሁለቱም የተቀበሉት ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 32 ቁጥር 10 ነው። እንግሊዝኛው «ዘ ራይቲንግ ኦን ዘ ዎል» የሚለው የመጪ ውድቀት ምልክት ከትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5፣ በብልጣሶር ግብዣ ላይ በግድግዳ ከተጻፈው የመጣ ነው። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 40 ቁጥር 15 በገንቦ እንዳለች ጠብታ የተባለውም በእንግሊዝኛ «ኤ ድሮፕ ኢን ዘ በኬት» ሆኖ፣ ከሚፈለገው አንጻር እዚህ ግባ የማይባል ነገር ማለት ሆኗል። እንግሊዛውያን ይህንኑ ሲሉ በባልዲው ፈንታ ውቅያኖስን መጥራት ይቀናቸዋል።

አንድ ሌላ አንባቢ በዚያው ላይ ዓባይን በጭልፋ የሚለው የዚህ አቻ ነው ብሎ ቢያርምም፣ እኚሁ ሰው ተመልሰው ልዩነቱን አሳዩት። ዓባይን በጭልፋ የምንለው ከሰፊ ነገር ጥቂቱን ለቅምሻ ስናቀርብ ነው፤ የእንግሊዝኛው ጠብታ ግን አለመብቃቱን የሚያመለክት ነቀፋ ነው። ለበጎ አድራጎት መቶ ብር የሰጠን ሰው ስጦታው «ድሮፕ ኢን ዘ በኬት» ነው ቢሉት ቅር ይለዋል። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብሁት ይህን ነው፤ የአቻ ፈሊጥ ፍለጋ እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ቢሠራ ዝርዝሮቹ ሁሉ በተሻሻሉ ነበር።

ምላሽ 13

አንድ ሰው እዚህ የተሰበሰብነው ዕውቀት ለማሳየት መሆኑን፣ ተማሪው የሚፈልገው ፈተና ማለፍ ብቻ መሆኑን በስድብ አጅቦ ጻፈ። የመድረኩ አስተናጋጅ ስድቡን ሰረዙት። ስለ ፈተናው የተባለው ግን መልስ ይገባዋል፤ የደብዳቤው ጉዳይ የመጣው ፈተናውን ሁሉ ካለፈ፣ ዲግሪ ካለው ሰው ነው።

ምላሽ 14

በካዛንቺስና በሜክሲኮ አካባቢ በሚካሄዱ ዓለም አቀፍ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ በመያዝ ብዙ ዘመን የሠሩ ሴት ያቀረቡት ነው፤ ለመነሻ ጥያቄዬ ከሁሉ የቀረበ መልስ ሆኖ አገኘሁት። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በመሆኗ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የብዙ አገር እንግሊዝኛ ይገናኛል። ሐሳብን «ቴብል» ማድረግ በእንግሊዞች ዘንድ ለውይይት ማቅረብ ነው፤ በአሜሪካውያን ዘንድ ግን በተቃራኒው ከውይይት አውጥቶ በይደር ማቆየት ነው። እኚህ ጸሐፊ ለምሳሌ የጠቀሱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሆነውን ነው። ቸርችል እንደተረኩት፣ የእንግሊዝ መኮንኖች አንድ አስቸኳይ ጽሑፍ በዚህ ቃል ለውይይት ይቅረብ ሲሉ አሜሪካውያኑ ደግሞ ጉዳዩ ትልቅ ስለሆነ በይደር አይቆይም ብለው ተቃወሙ፤ ሁለቱም ወገን አንድ ነገር እንደሚፈልግ እስኪገለጥ ድረስ ክርክሩ ረዝሞ መራራ ሆኖ ነበር።

ስለዚህ እኚህ ሴት ቃለ ጉባኤ ሲይዙ ይህን ቃል ፈጽሞ አይጽፉትም። ሰብሳቢው ቢናገረው እንኳ ለውይይት ቀረበ ማለትዎ ነው ወይስ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ ብለው አቋርጠው ይጠይቃሉ፤ በዚህም አንድም ጊዜ የተቆጣቸው ሰብሳቢ አልነበረም። ለጀማሪ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊዎች የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፤ ውሳኔ በሚመዘገብበት ወረቀት ላይ ፈሊጥ አይግባ። በዚህ ምላሽ ሥር ምስጋና ብቻ ተከማቸ፤ ምስጋናውም ሲያንሳቸው ነው።

ምላሽ 15

በስድስት ኪሎ የቋንቋ ጥናት ተማሪ መሆኑን የገለጸ ወጣት፣ እስካሁን ያልተነሳ ነገር አለ ብሎ ገባ። ፈሊጥ የሚባልበት ቦታ እንዳለው ሁሉ፣ ቃላቱ የሚፈቅዱትና የማይፈቅዱት የአሰካክ ለውጥም አለ። ባልዲው ተረገጠ ብሎ በእንግሊዝኛ ቢናገሩ የሞት ፍቺው ይጠፋና እውነተኛ ባልዲ ይቀራል፤ በባልዲው ፈንታ ሌላ የውሃ ዕቃ ቢተካም እንዲሁ ነው። «ስፒል ዘ ቢንስ» ግን፣ ባቄላውን ደፋ ወይም ምስጢሩን አወጣ ማለት ሲሆን፣ ባቄላው ተደፋ ቢባልም ፍቺው ይጸናል፤ ባቄላው ምስጢሩን፣ መድፋቱም መግለጡን ስለሚወክሉ እያንዳንዱ ቃል የራሱ ድርሻ አለው። ባልዲና ርግጫ ግን ከሞት ጋር እንዲህ አይከፋፈሉም።

ወጣቱ አማርኛውንም አልተወም። ገንዘቡን ውሃ በላው እንላለን፣ ውሃ የበላው ገንዘብም እንላለን፤ ገንዘቡ በውሃ ተበላ ግን የሚል የለም። ሆዱ ባባ ከሚለው ሆድ የሚያባባ ዜማ ይወጣል። ጆሮ ዳባ ልበስ ደግሞ ጨርሶ የደረቀ ነው፤ ጆሮውን በዓይን ብንለውጠው አድማጭ ግራ ይጋባል። ምላሹ ረጅም በመሆኑ አንዳንዶች አልፈውት ሄደዋል፤ እኔ ግን ለመምህራን ሁሉ እንዲያነቡት አደራ እላለሁ። ተማሪዎች ፍቺውን አውቀው ዓረፍተ ነገሩን ሲገነቡ የሚሰናከሉት ብዙውን ጊዜ በዚሁ ነው።

ምላሽ 16፣ 17 እና 18

እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ከመንገድ ወጣን። ምላሽ 16 «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» (ቃል በቃል በሰማያዊ ጨረቃ አንዴ) ምን ያህል አልፎ አልፎ እንደሆነ ጠየቀ። በአነጋገር ከስንት አንዴ ማለት እንደሆነ ተነገረው፤ ነገር ግን ሥነ ፈለክ የሚወዱ አንድ ሰው በምላሽ 17 ወደ ስሌት ገቡ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛ ሆና የምትወጣው ሙሉ ጨረቃ በዚህ ስም መጠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1946 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ከታተመ የተሳሳተ ማብራሪያ በኋላ መሆኑን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይህ የሚገጥመው በአማካይ በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ አንዴ መሆኑን ጻፉ። በእኛ አቆጣጠር ግን ወሩ ሁልጊዜ 30 ቀን ነው፤ ከአንዱ ሙሉ ጨረቃ እስከ ሌላው ደግሞ 29 ቀን ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ከጳጉሜ በቀር ያለ ሙሉ ጨረቃ የሚያልፍ ወር የለንም፤ ሁለት ሙሉ ጨረቃ የሚገጥመውም በአማካይ በአምስት ዓመት አንዴ ያህል ብቻ ነው።

ነገሩ ስለ ጳጉሜ 6 ክርክር አስነሣ። ምላሽ 18 ላይ የመድረኩ አስተናጋጅ የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ ሌላ ክር ይከፈትለት ብለው ውይይቱን መለሱት፤ መመለሳቸው ተገቢ ነበር።

ምላሽ 19 እና 20

በስታዲየም አካባቢ በሚገኝ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት የምትሠራ ወጣት፣ ከሁሉ የምትፈልገው መናገሩን ሳይሆን መስማቱን እንደሆነ ጻፈች። እንግዶች በፈሊጥ ሲያናግሯት መረዳት ግዴታዋ ነው፤ እሷ ስትመልስ ግን ግልጽ ቃል ብትጠቀም የሚቀየማት የለም። የምትይዛቸውን ፈሊጦች ለሁለት ከፍላለች፤ ሲባሉ የምትረዳቸውና ራሷ የምትናገራቸው። ሁለተኛው ክፍል ሆን ብላ አጭር ያደረገችው ነው።

ምላሽ 20 ይህን ተቃወመ። ያልተናገሩት ቋንቋ አይለመድም፣ ሳይሳሳቱ የተማረም የለም፣ መምህራን ተማሪውን በፍርሃት እያሰሩት ነው የሚል ነበር። ከፊሉን እቀበላለሁ። በክፍል ውስጥ፣ በጓደኛሞች መካከል፣ በስልክ መልእክት ላይ ይሞከር፤ በማመልከቻ፣ በውል፣ በሐዘን መግለጫና በቃለ ጉባኤ ላይ ግን መሞከሪያ ቦታ የለም። ወጣቷ የከፈለችው መስመር ለሥራ ቦታ ትክክለኛው ነው ብዬ መልሻለሁ።

ምላሽ 21 እና 22

ያችው የሆቴል ሠራተኛ አንድ የገጠማትን ጨምራ ጠየቀች። በክረምት አንድ አሜሪካዊ እንግዳ ከሠራተኞቹ ጋር ቡና እንዲጠጣ ስትጋብዘው፣ «አይል ቴክ ኤ ሬይን ቼክ» ብሎ ፈገግ አለና ወደ ክፍሉ ሄደ። «ሬይን» ዝናብ ማለት ነው፣ ውጭም ዝናብ ነበርና የሚወጣ መስሏት ጃንጥላ ይዛ በር ላይ ጠበቀችው።

የመለሱላት የቃለ ጉባኤዋ ጸሐፊ ናቸው፤ በምላሽ 1 ከተነሳው ጨዋታ ጋርም አያያዙት። በአሜሪካ የቤዝቦል ግጥሚያ በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ ቲኬቱን ይዞ ሌላ ቀን እንዲገባ ይፈቀድለት ነበር፤ ያ ቲኬት ነው ለፈሊጡ ስም የሰጠው። ዛሬ ትርጉሙ ግብዣህን አከብራለሁ፣ አሁን ግን አልችልም፣ ሌላ ጊዜ ይሁን ማለት ነው። ጸሐፊዋ አንድ ማሳሰቢያ አከሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው በጨዋነት እምቢ ማለቱ ስለሆነ፣ እኛ እንደለመድነው በሞቴ እያሉ መለመን አይገባም፤ ቀን ቁረጥ ብሎ መያዝም እንዲሁ። ወጣቷ ታዲያ ምን ብዬ ልመልስለት ብላ ስትጠይቅ፣ «ኤኒ ታይም» (በፈለግህ ጊዜ) በሚለው እንድትሸኘው ነገሯት፤ እንግሊዛዊ እንግዳም ቢሆን ይህን ይረዳዋል።